ድንክ ባለጺም አይሪስን ማወዳደርና ማዳቀል፦ ከሰሜን ሸዋ ጓሮዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ በአብዛኛው ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ጓሮ ካላቸው ሰዎች የሚመጡ ናቸው። መልሶቹም የተጻፉት ለዚያ ደጋ ነው። ሌላ ቦታ ያላችሁ የአየሩን ነገር ለራሳችሁ አስተካክላችሁ አንብቡት። የማዳቀሉ ሂሳብ ግን የትም ቢሆን አንድ ነው።

ድንክ ባለጺም አይሪስ የሚባለው የትኛው ነው?

አይሪስ ስድስት የአበባ ቅጠል አለው። ሦስቱ ወደ ላይ ይቆማሉ፤ ሦስቱ ወደ ታች ይወድቃሉ። በወደቁት መሃል ለመሃል የጸጉር መስመር ካለ አበባው ባለጺም ነው። ከነዚህ ውስጥ ቁመታቸው ከ40 ሴንቲ ሜትር ገደማ የማያልፉት ድንክ ይባላሉ። እነሱም ሁለት ክፍል አላቸው። እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚደርሱት ትንንሽ ድንኮች ናቸው። ከዚያ በላይ ያሉት መደበኛ ድንኮች ይባላሉ፤ በአብዛኛው ሰው ያዳቀላቸው ናቸው።

የዱር ድንክ ዝርያዎች የትውልድ አገር ከሰሜን ምሥራቅ ስፔንና ከደቡብ ፈረንሳይ ተነስቶ በባልካን አድርጎ እስከ ቱርክና ደቡብ ሩሲያ ይዘልቃል። አንዱ ከሌላው የሚለይበት ነገር ሁሉ፣ የእኛን አየር መውደድና መጥላቱም ጭምር፣ ከመጣበት ቦታ ጋር የተያያዘ ነው።

የደብረ ብርሃንን ብርድ ይችላሉ?

መቻሉማ ቀላሉ ነው። ፑሚላ የሚባለው ዝርያ የዩክሬንና የደቡብ ሩሲያ ሜዳ ልጅ ነው። ወራት ሙሉ በረዶ ስር ይተኛል። የእኛ ውርጭ ለእሱ ቀልድ ነው። ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ብርዱ አይበቃውም።

ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ዜሮን ይነካል፤ ውርጩ ባቄላ ያቃጥላል። ረፋዱ ላይ ግን ፀሐይዋ ጃኬት ታስወልቃለች። ፑሚላ የለመደው ቀንም ሌሊትም የማይለቅ፣ ለሳምንታት የሚዘልቅ ቅዝቃዜ ነው። እሱን ካላገኘ ቅጠሉን እያሳመረ አበባውን ይሰስታል። ስለዚህ ፑሚላ ተክላችሁ ዓመት ሙሉ ቅጠል ብቻ ብታዩ አፈራችሁን ቶሎ አትውቀሱ።

ሉቴሴንስ ሌላ ነው። እሱ የደቡብ ፈረንሳይ፣ የሰሜን ምሥራቅ ስፔንና የጣሊያን ነው። የሜዲትራኒያን ብርድ ለስለስ ያለ ነው፤ ተክሉም ያን ያህል ቅዝቃዜ አይጠይቅም። ለእኛ ደጋ ከዱር ዝርያዎች የመጀመሪያ ምርጫዬ እሱ ነው። የሲሲሊና የማልታው ፕሴዶፑሚላ እና የግሪኩ አቲካም ከለስላሳ አየር ስለመጡ መሞከር ይገባቸዋል። ፑሚላን የሙጥኝ ያለ ሰው ከደብረ ብርሃን ይልቅ መንዝ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ ከ3,000 ሜትር በላይ ቢተክለው ዕድሉ የተሻለ ነው። ሸዋ ሮቢት ላሉ ወዳጆች ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሌላ አበባ ፈልጉ።

ፑሚላና ሉቴሴንስ ለእኔ አንድ ናቸው። በምን ልለያቸው?

በቀለም አትሞክሩ። ሁለቱም ቢጫም ወይን ጠጅም ነጭም ይሆናሉ። አንድ ኮረብታ ላይ ሦስቱም ቀለም ተደባልቆ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

መለያው ከአበባው በታች ነው። አንድ አበባ ቆርጣችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። አበባውን የሸፈኑትን ሁለት ቀጫጭን ቅጠሎች በጥፍራችሁ ላጡ። ከዚያ የዘር ቋቱን ፈልጉ፤ ወፈር ያለች አረንጓዴ እብጠት ናት። ፑሚላ ከሆነ ታች፣ አፈሩ አጠገብ፣ የቅጠሎቹ እግር ውስጥ ተሸሽጋ ታገኟታላችሁ። ከእሷ በላይ ግንድ የመሰላችሁ ነገር ግንድ አይደለም። የአበባው የራሱ ቱቦ ነው፤ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ፑሚላ እንዲያውም ግንድ የለውም ማለት ይቻላል፤ የሚያወጣውም ብዙ ጊዜ አንድ አበባ ብቻ ነው።

ሉቴሴንስ ላይ የዘር ቋቷ ከፍ ብላ፣ እውነተኛ ግንድ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ቱቦው አጭር ነው፤ ከ3 ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። አንድ ግንድ ላይ ሁለት አበባ ማግኘትም የተለመደ ነው። ይህን አንዴ በእጃችሁ ከላጣችሁ ሁለተኛ አትሳሳቱም።

የቀሩትስ?

ሬይከንባኪና ሱዋቬኦሌንስ የሚታወቁት በሽፋን ቅጠላቸው ነው። ጀርባው ላይ ሹል ጠርዝ አለው፤ በጣት ሲነካ ይቆረቁራል። ፑሚላና ሉቴሴንስ ግን ጀርባቸው ክብ ነው። ሬይከንባኪ የባልካን ነው፤ ግንድ አለው። ሱዋቬኦሌንስ ደቃቃ ነው፤ ቅጠሉም ብዙ ጊዜ ወደ ጎን ይታጠፋል። አቲካ ፑሚላን ይመስላል፤ ግን ከእሱም ያንሳል።

አፊላ ብዙ ጊዜ ከነፑሚላ ከፍ ይላል። ግንዱ ከታች ጀምሮ ቅርንጫፍ ስለሚያወጣ ከሌሎቹ ጋር አይምታታም። በአገሩ በብርድ ወራት ቅጠሉን ሙሉ በሙሉ ያደርቃል።

ሰዎች ስለ ክሮሞዞም ቁጥር ያወራሉ። ለጓሮ ሰው ምን ያደርግልናል?

ሁሉን ነገር። ብናኝ ከመንካታችሁ በፊት ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት።

ክሮሞዞም በየሴሉ ውስጥ ያለ የውርስ ተሸካሚ ነው። ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው። አቲካ 16፣ ፕሴዶፑሚላ 16። ሱዋቬኦሌንስ 24። ፑሚላ በአብዛኛው 32። ሉቴሴንስ 40። ሬይከንባኪ ሁለት ዓይነት አለው፤ 24 ያለውና 48 ያለው። አፊላ 48። በየግቢው የምናያቸው ዘመናዊ ረጃጅም ባለጺም አይሪሶችም 48 ናቸው። ልጅ ከእናቱ ግማሽ፣ ከአባቱ ግማሽ ይወስዳል።

በቅሎን አስቡ። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞዞም አላቸው። በቅሎ 63 ይዛ ትወለዳለች። ጠንካራ ናት፣ ዳገት ትወጣለች፣ ግን አትወልድም፤ ከፈረስ የወረሰችው ክሮሞዞም ከአህያው ጋር በደንብ አይጣመርም። አይሪስ ውስጥም በቅሎዎች አሉ።

አሁን ደስ የሚለው ክፍል። ረጅሙ አይሪስ 24 ይሰጣል፤ ፑሚላ 16 ይሰጣል። ልጁ 40 ይይዛል። እንደ በቅሎ መካን ይሆናል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ፤ ግን ይወልዳል። ለምን? የፑሚላ 16 ራሱ የሁለት ስምንት ድምር ነው። ፑሚላ ጥንት ባለ 16 ከሆኑ ሁለት ዝርያዎች መዳቀል እንደተገኘ ይታመናል፤ አቲካና ፕሴዶፑሚላ ናቸው የሚጠረጠሩት። የረጅሙ 24ም የሁለት አሥራ ሁለት ድምር ነው። ስለዚህ ልጁ ውስጥ ስምንቱ ከስምንቱ፣ አሥራ ሁለቱ ከአሥራ ሁለቱ ጋር ይጣመራል። ማንም ጓደኛ አያጣም።

ይህን መንገድ በተግባር የከፈቱት አሜሪካኖቹ ፖል ኩክና ጌዴስ ዳግላስ ናቸው። ኩክ እ.ኤ.አ. በ1951 ያስመዘገበው «ግሪን ስፖት» ነጭ ሆኖ የወደቁት ቅጠሎቹ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ አለው። ዛሬ መደበኛ ድንክ ብለን የምንገዛው ሁሉ የዘር ሐረጉ ወደዚያ ዘመን ይመለሳል።

እሺ፣ ለጀማሪ የቱ ከየቱ ይሻላል?

መደበኛ ድንክ ከመደበኛ ድንክ፣ ወይም መደበኛ ድንክ ከሉቴሴንስ። ሁሉም ባለ 40 ናቸው፤ ልጆቻቸውም በአብዛኛው ዘር ይሰጣሉ። ሉቴሴንስ የእኛን ለስላሳ ብርድ መቻሉ ሲጨመርበት ለሰሜን ሸዋ ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ፑሚላን መጀመሪያ ይዞ መሮጥ የጀማሪ ጉጉት ነው። እዚህ በወጉ የማያብብ ወላጅ፣ በወጉ የማያብብ ልጅ ቢሰጣችሁ አይግረማችሁ።

መደበኛ ድንክን ከረጅም ጋር ካዳቀላችሁ ባለ 44 መካከለኛ ቁመት ይመጣል። በብዛት ያብባል፤ ግን አብዛኛው መካን ነው። ለግቢ ማስዋቢያ አሪፍ፣ ለቀጣይ ማዳቀል ግን መንገዱ የሚዘጋበት። መደበኛ ድንክን ከፑሚላ ጋር ካዳቀላችሁ ባለ 36 ትንሽ ድንክ ይወጣል። እሱም ዘር ላይ ሰነፍ ነው።

ለብቻው መነሳት ያለበት ባለ 48ቱ ሬይከንባኪ ነው። ከረጃጅሞቹ ጋር ቁጥሩ ይገጥማል። ፖል ኩክ ከእሱ ያገኘው «ፕሮጄኒተር» ራሱ ዓይን የሚስብ አበባ አልነበረም። ነገር ግን የቆሙት ቅጠሎች ፈዘው የወደቁት የሚደምቁበትን መልክ ለዘሮቹ አወረሰ። ከዘሮቹ አንዱ፣ «ሆል ክሎዝ»፣ እ.ኤ.አ. በ1962 የአሜሪካን የዳይክስ ሜዳሊያ፣ ማለትም ለአይሪስ የሚሰጠውን ከፍተኛ ሽልማት፣ ወሰደ። መልኩ ያላማራችሁን ችግኝ ለመንቀል የቸኮላችሁ ይህን አስታውሱ።

ማዳቀሉ ራሱ እንዴት ነው? እጄ ይንቀጠቀጣል።

የሚያስፈልጋችሁ ወረንጦ፣ ክርና ምልክት መጻፊያ ነው። ወረንጦ ከሌለ ስቴኪኒም ይሠራል።

ከአበባው መሃል ሦስት ጠባብ ክንዶች ይወጣሉ። እያንዳንዱ ክንድ ከአንድ የወደቀ ቅጠል በላይ ተከድኗል። ክንዱን በጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ ከፍ ስታደርጉ ከሥሩ አንድ ወንዴ ዘንግ ተኝቶ ታያላችሁ፤ ብናኙ ያለው እሱ ላይ ነው። የክንዱ ጫፍ አጠገብ፣ ከታች በኩል፣ ቀጭን ከንፈር አለች። ሴቴዋ ክፍል እሷ ናት። ከጀርባዋ ብትቀቡ ዋጋ የለውም፤ ብናኙ ወደ ውጭ የዞረውን ፊቷን መንካት አለበት።

እናት የምትሆነውን አበባ ጠዋት፣ ሊከፈት ሲል፣ ንብ ሳይደርስበት ያዙት። ሦስቱን ወንዴ ዘንጎች ነቅላችሁ አውጡ። ከዚያ ሦስቱንም የወደቁ ቅጠሎች ቁረጡ። ያሳዝናል፤ ግን ንብ ማረፊያ ካጣ አይመጣም፤ ሽፋን ማሰርም አያስፈልጋችሁም። ከንፈሯ ወደ ታች ተከፍታ ለጣት ስትጣበቅ ዝግጁ ናት። ከአባትየው አበባ አንድ ዘንግ በወረንጦ አምጡና ከንፈሯ ላይ ቀስ ብላችሁ አሹት። ብናኙ ቢጫ ወይም ነጣ ያለ ዱቄት ሆኖ ሲቀር በዓይን ይታያል። ዘንጉ ገና እርጥብና ለስላሳ ከሆነ አልደረሰም። ፀሐይ ያለበት መስኮት ዳር ትንሽ አቆዩት፤ ይሰነጠቃል።

ምልክቱ ላይ እናትን አስቀድማችሁ፣ አባትን አስከትላችሁ፣ ቀኑንም ጨምራችሁ ጻፉ። ከእርጎ ዕቃ የተቆረጠ ፕላስቲክ ይበቃል። በእርሳስ ጻፉበት። እስክሪብቶ አንድ ክረምት አይሻገርም።

በየትኛው ወር ላዳቅል?

ፍሬው ከተዳቀለበት ቀን ጀምሮ ለመብሰል ከሁለት እስከ ሁለት ወር ተኩል ይፈጃል። የሐምሌ ዝናብ ላይ ከወደቀ ሊሻግት ይችላል። ወደ ኋላ ስትቆጥሩ መጋቢት መጨረሻ ምቹ ገደብ ነው። በሚያዝያ የተዳቀለም ይደርሳል፤ ግን ሰኔን በጭንቀት ታሳልፋላችሁ።

አባትና እናት በአንድ ጊዜ አላበቡልኝም።

ጣጣ የለውም። የደረሰውን ወንዴ ዘንግ ነቅላችሁ አንድ ቀን ጥላ ላይ አድርቁት። በወረቀት ጠቅልሉት፤ አዲስ ጫማ ሳጥን ውስጥ ከሚገኘው እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጋር ክዳኑ በሚገጥም ብልቃጥ ዝጉት። ፍሪጅ ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል። ስሙን መጻፍ እንዳትረሱ፤ የደረቀ ብናኝ ሁሉ አንድ ነው የሚመስለው።

ዘሩ ደረሰልኝ፤ ግን አልበቅል አለ።

የአይሪስ ዘር ገገማ ነው። ሽፋኑ ውስጥ መብቀልን የሚከለክል ነገር አለ። በዱር በረዶና ዝናብ ቀስ በቀስ ያጥቡታል። እዚህ ያንን ሥራ የምትሠሩት እናንተ ናችሁ።

ፍሬው ቡናማ ሆኖ ጫፉ ሲሰነጠቅ ዘሩን አውጡና አድርቁ። መስከረም ላይ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉት። ውኃውን በየቀኑ እየቀየራችሁ አንድ ሁለት ሳምንት አቆዩት። ከዚያ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀላቅላችሁ፣ በፌስታል አስራችሁ፣ ፍሪጅ ውስጥ ከሁለት እስከ ሦስት ወር አስቀምጡ። ፍሪዘር ውስጥ አይደለም። በየሳምንቱ ገልጣችሁ እዩት፤ ነጭ ሥር ያወጣ ካለ ወዲያው ወደ አፈር ይሂድ። ቀሪውን በአሸዋማ አፈር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቅበሩት።

ሁሉም በአንድ ዓመት አይወጣም። በሁለተኛው፣ አንዳንዴም በሦስተኛው ዓመት የሚበቅል ስላለ ባዶ የመሰለውን ሳህን አትድፉት። ከበቀለ በኋላ ድንኮቹ ለማበብ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይፈልጋሉ። ፍሪጁን ከቤተሰብ ጋር የምትጋሩ ደግሞ ፌስታሉ ላይ «አይጣል» ብላችሁ በትልቁ ጻፉ።

ልጆቹ እናታቸውን ይመስላሉ?

እርስ በርሳቸውም አይመስሉም። ከአንድ ፍሬ የወጡ ወንድማማቾች በቀለም፣ በቁመት፣ በቅጠል ይለያያሉ። ፑሚላ ከወላጆቹ አንዱ ከሆነ ግን የወደቁት ቅጠሎች ላይ የምትቀመጠው ደማቅ ነጠብጣብ ብዙ ጊዜ ትወረሳለች። በሐረጉ ውስጥ ፑሚላ መኖሩ ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዷ ናት።

የጎረቤቴ ነጭ ረጅም አይሪስ በየዓመቱ ያብባል፤ ዘር ግን ይዞ አያውቅም። እኔ ነኝ ያላወቅኩበት?

አልቢካንስ ከሆነ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። አልቢካንስ ከየመንና ከሳዑዲ የመጣ፣ ነጭ፣ መካን የሆነ ባለጺም አይሪስ ነው። ሙስሊሞች መቃብር ላይ ሲተክሉት በሜዲትራኒያን ዙሪያ ሁሉ ተሰራጭቷል። የተስፋፋው ሥሩ እየተቆረጠ ነው። ለማዳቀል አትልፉበት፤ ለውበቱ ያዙት።

ክረምት ላይ በሰበሰብኝ። ምን ላድርግ?

የሰሜን ሸዋ አይሪስ ገዳይ ውርጭ አይደለም፤ መረሬ አፈር ነው። ጥቁሩ መረሬ ሐምሌና ነሐሴ ውኃ ይቋጥራል። የአይሪስ ወፍራም ሥር መሰል ግንድ፣ ራይዞም የሚባለው፣ አየር ካጣ ባክቴሪያ ይገባበታል። ቅጠሉ ከእግሩ ይላቀቃል፤ ራይዞሙ ሲጫኑት ይፈርጣል፤ ሽታውም አያስጠጋም።

መደቡን ከመሬት ቢያንስ አንድ ስንዝር አንሱት። አፈሩን ከአሸዋና ከደቃቅ ጠጠር ወይም ከሬድ አሽ ጋር አደባልቁ። ራይዞሙን ጀርባው ፀሐይ እንዲያይ አድርጋችሁ ትከሉ። ዩሪያ አታብዙበት፤ ትኩስ ፍግም አታስጠጉት። ሁለቱም ቅጠሉን ያለሰልሱና ለብስባሴ ያመቻቹታል። ጣርማ በር አካባቢ ጉም የማይለቀው ግቢ ያላችሁ ከጣራ ክፈፍ ስር፣ ፀሐይ በሚያገኝ በኩል፣ በማሰሮ ወይም በባልዲ ብትይዙት ይሻላል።

የጀመረውን ብስባሴ ጠንካራው ነጭ ክፍል እስኪታይ ድረስ በቢላ ቆርጣችሁ ጣሉ። ቢላውን በየመሃሉ በበረኪና አጽዱ። የቀረውን ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አድርቃችሁ መልሳችሁ ትከሉ። ጤነኛውንም ለማካፈል ጥሩው ጊዜ ዝናቡ ሲያበቃ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። ቁስሉ በደረቅ አየር ይሽራል።

በግ ይበላዋል?

ሊቀምሰው ይችላል፤ እንዲቀምሰው አትፍቀዱ። አይሪስ፣ በተለይ ራይዞሙ፣ ለበግም ለከብትም መርዛማ ነው፤ ሆድ ያውካል። በግ ያላችሁ መደቡን አጥሩ፤ የነቀላችሁትንም በረት አጠገብ አትጣሉ። ጭማቂው ቆዳ የሚያሳክካቸው ሰዎችም አሉ።

ዝርያዎቹን ከውጭ ላስመጣ ነው። በሻንጣ ይዞ መግባት ይቻላል?

ያለ ፈቃድ አይቻልም። ሕያው ተክልም ዘርም የማስገቢያ ፈቃድና ከላኪው አገር የእፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይጠየቅበታል። ሂደቱን ከመግዛታችሁ በፊት ከግብርና ባለሥልጣን ጠይቁ። ለዝርያ ሰብሳቢ ዘር ከራይዞም ይመረጣል። ይቀላል፣ መንገድ ላይ አይበሰብስም፣ አፈርም ይዞ አይመጣም። ከዘር የበቀለ ተክል ደግሞ ገና ከቡቃያው ጀምሮ የእኛን አየር ይለምዳል፤ የማይችለው ራሱ ይቀራል።

ያዳቀልኩት አማረ። ስም ላወጣለት እችላለሁ?

ለቤታችሁ የፈለጋችሁትን በሉት። በዓለም አቀፍ መዝገብ እንዲሰፍር ከፈለጋችሁ የአይሪስ ዓይነቶችን የሚመዘግበው የአሜሪካ አይሪስ ማኅበር ነው፤ በአምፖል ከሚበቅሉት በስተቀር። ስሙ በሌላ አይሪስ ያልተያዘ መሆን አለበት፤ የወላጆቹም ስም ይጠየቃል። በእርሳስ የጻፋችሁት ፕላስቲክ እዚህ ላይ ነው የሚፈለገው።

ግን አትቸኩሉ። አንድ ዓመት ማማር ብቻውን አይበቃም። ክረምቱን ሳይበሰብስ ማለፉን፣ በየዓመቱ ማበቡን፣ ግንዱ ነፋስ መቻሉን ጥቂት ዓመታት እዩ። ከዚያም ከሁለቱም ወላጆቹ አጠገብ ትከሉትና አወዳድሩት። ከእነሱ በምንም ካልበለጠ ለጎረቤት ስጡት።